ዝናቡ ሲያባራ ተመለሱ

ቤት ያለው ሰው ለምን ሜዳ ላይ እንደሚተኛ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ቤት የሌለው ሲተኛ ያሳዝናል። ወታደር ሲተኛ ታዝዞ ነው። መንገድ ላይ የመሸበት መንገደኛም ምን ያድርግ። ነገር ግን ሞቅ ያለ ቤት፣ ወፍራም ፍራሽና ሙቅ ውኃ ያለው ሰው ያንን ሁሉ ቆልፎ፣ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ ጭቃ ላይ ሊተኛ ይሄዳል፤ ያውም ለጭቃው ኪራይ ይከፍላል። እዚህ አገር ለዚህ ሥራ ስም አውጥተውለታል። ካምፒንግ ይሉታል። ስም ስላለው ነው መሰለኝ ማንም አያፍርበትም።

በእኛ ዘንድ ድንኳን የሚተከለው ለሠርግ ወይ ለለቅሶ ነው። ሰው ይሰበሰብበታል፣ ይበላበታል፣ ይለቀስበታል። ከዚያ ይነቀልና ሁሉም ወደ ቤቱ ይገባል። የእነዚህ ድንኳን ግን ሰው በአራት እግሩ ተንፏቆ የሚገባበት ነው። በዚህ ዕድሜዬ፣ ጉልበቴ ለጸሎት እንኳ አልታጠፍ ብሎኝ ወንበር ላይ ሆኜ በምጸልይበት ጊዜ፣ እንደ ድመት እየዳህኩ ገብቼበታለሁ። ያስገባችኝ የመጨረሻዋ ልጄ ናት።

እናትዋ ካረፈች ወዲህ ከስቶክሆልም ዳር፣ ኖርስቦሪ፣ የቀዩ ባቡር መጨረሻ ላይ ብቻዬን ነው የምኖረው። ሁዲንጌ ውስጥ በልብስ ማጠቢያ ቤት ሠርቼ ጡረታ ወጣሁ። ልጆቹ ራሳቸውን ችለዋል። የመጨረሻዋ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ትመጣለች፣ አብረን እንበላለን። እኔ በአማርኛ አወራለሁ፣ እሷ በስዊድንኛ ትመልሳለች። እንደዚሁ ነው የኖርነው፤ ማንም ተቸግሮበት አያውቅም። በስዊድንኛ ስታወራኝ እንደ አገሩ ልማድ አንተ ትለኛለች። አልፎ አልፎ በአማርኛ ስትናገር ግን አንቱ ነው የምትለኝ፤ እናትዋ ናት እንደዚያ ያስለመደቻት።

በፀደይ አንድ እሑድ ሳህኑን አጥባ ስትጨርስ እጇን ሳታደርቅ ዞር አለችና፣

«አባዬ፣ ከእሱ ጋር ልንጋባ ነው፤» አለችኝ።

እሱ ማን እንደሆነ አውቀዋለሁ። ረጅም፣ ጢሙ እንደ ካሮት የቀላ የአገሩ ልጅ ነው። የሊፍት ጥገና ሠራተኛ ነው። መጀመሪያ ቤቴ የመጣ ቀን ቁምጣ ለብሶ ነበር። ቁምጣ! የሴት ልጅ አባት ቤት! ምግብ አቅርቤ አንዴ በላ፤ ልጨምርልህ ስለው «አይ፣ ጠግቤያለሁ» አለ። የምሩን ነበር። ሁለተኛ ብለምነው፣ ሦስተኛ ብለምነው ያው ነው፣ አልበላም። ቀጥሎ ፖም አነሣና ከነፍሬው፣ ከነመሐሉ ቆረጣጥሞ ዋጠው። በእጁ የቀረችው ጭራዋ ብቻ ናት። ይህ ሰው በየሳምንቱ መጨረሻ ጫካ ውስጥ እንደሚያድር ልጄ በኩራት ስትነግረኝ፣ እንግዲህ ልጄን ይዞ ሜዳ ለሜዳ ሊያሳድርብኝ ነው አልኩ በሆዴ።

«አንተ እሺ ካላልክ ግን አላደርገውም፤» አለች። «ያለ አንተ ምርቃት አልፈልግም። እምቢ ካልክ ይቀራል።»

ይህን ስትል ዓይኗ ውስጥ ያየሁትን አይቻለሁ። እምቢ ብል በእርግጥ ይቀራል። እንደ እናትዋ ናት፤ ያለችውን ታደርጋለች፣ ከዚያም ዝም ትላለች፣ ዝምታዋ ግን ዕድሜ ልክ ነው። ስለዚህ እምቢ አላልኩም። ከእምቢ የሚሻል ነገር መጣልኝ።

«ሰው ልጅ የሚፈልግ ከሆነ ሽማግሌ ይልካል፤» አልኩ። «ሦስት የተከበሩ ሰዎች። መጥተው፣ ቆመው ይጠይቁኛል። እሱ ራሱ በዚያ አይገኝም። እንደዚያ ካልሆነ ይህ ጉዳይ በእኔ ቤት አይነሣም።»

«ሦስት?» አለች።

«ከሦስት አያንስም።»

እውነቱን ልናገር፤ በሩን የዘጋሁት በዚህ ነው። ይህ ልጅ ሦስት ሽማግሌ ከየት ያመጣል? እዚህ አገር ሽማግሌን የሚያስቀምጡት የሚያምር ስም ባለው ቤት ውስጥ ነው፤ በር ላይ የአበባ ሥዕል ይለጥፉበታል፣ ለገና ኩኪስ ይዘው ይሄዳሉ። ሦስት ሽማግሌ ከሚያገኝ ሦስት ነብር ቢያገኝ ይቀለዋል ብዬ ተማምኜ ሻዬን ጠጣሁ።

በበጋው አጋማሽ እንደገና መጣች።

«የእሱ አያት በጋውን ወደ ሰሜን፣ በረዶው በበጋም የማይቀልጥ ተራራ ሥር ነው የሚያሳልፉት። አብረኸን ና። እምቢ ከማለትህ በፊት ዘመዶቹን እያቸው።»

«የት ነው የምናድረው?»

«ድንኳን አለን።»

ለልጄ ስል ሄድኩ። ደግሞም ሰዎቹን አይቼ እምቢ ብላት ማንም ሳያያቸው ነው አይለኝም።

መኪናው ውስጥ ከፊት አስቀመጡኝ፣ እሷ ከኋላ ከዕቃው ጋር ተጨናንቃ ተቀመጠች። የመኪናው ሆድ ሞልቶ ጣሪያው ላይ ደግሞ የሬሳ ሣጥን የመሰለ ነገር ተጭኖ ነበር። ዕቃው ለአንድ ሻለቃ ጦር የሚበቃ ነው። ቡጢ የሚያክል ምድጃ፣ እንደ ወረቀት የሚታጠፍ ሰሃን፣ ማንኪያም ሹካም የሆነ አንድ ፕላስቲክ፣ ለዝናብ የሚለበስ፣ ከዝናብ ልብስ በላይ የሚለበስ፣ ጫማን ከዝናብ የሚሸፍን። ከስቶክሆልም እንደወጣን ዝናቡ ጀመረ። እስክንመለስ ድረስ ብዙም አልተወንም።

ነዳጅ ልንቀዳ የቆምንበት ቦታ ልጁ ጥርሱን ሊቦርሽ ቦርሳውን ከፈተ። የጥርስ ብሩሹ እጀታ የለውም። ተቆርጧል። በጣቱ ጫፍ ይዞ እንደ አይጥ ይፋፋቃል።

«ምን ሆኖ ነው የተሰበረው?» አልኩት።

«አልተሰበረም፤ ቆርጬው ነው። ክብደት ለመቀነስ።»

«አሁን የሚሸከመው መኪናው ነው ወይስ አንተ?»

«መኪናው።»

«እና?»

ትንሽ አሰበና ሳቀ። ልጄ ከኋላ የወንበሬን መደገፊያ በጉልበቷ ጎሰም አደረገችው። ያንን ብሩሽ ግን እስከ መጨረሻው አልረሳሁትም። የአንድ እጀታ ክብደት ተቀንሶለት፣ ጣሪያው ላይ ሣጥን የተጫነበት መኪና!

መንገዱ ጥድ ነው። ከዚያ ጥድ ነው። ከዚያ ሐይቅ፣ ከዚያ ጥድ። ልጁ እያንዳንዱን ሐይቅ በስሙ ይጠራልኛል፣ ሁሉም አንድ ናቸው። ምሳ የበላነው ከከረጢት ነው። ለዓመታት የማይበላሽ ደረቅ ነገር ነው፤ ሙቅ ውኃ ሲፈስበት ያብጣል። ልጁ «የድንች ወጥ ነው» አለኝ። እኔም እግዚአብሔርን ላመሰግን አጎንብሼ ስለ የትኛው ምግብ እንደማመሰግን ግራ ገባኝና ስለ ጤናዬ አመስግኜ ቀና አልኩ።

የመጀመሪያውን ቀን ያደርንበት ሜዳ ላይ የእኛ ብጤ በጣም ብዙ ነበር። ሁሉም በየሸራው ሥር ተኮራምተው፣ አፍንጫቸው ቀልቶ፣ ዝናቡን እያዩ ይስቃሉ። «ሚሲግት» ይባባላሉ። ደስ ይላል፣ ሞቅ ይላል፣ ተመቸን ማለታቸው ነው። እግራቸው እርጥብ ነው፣ ዳቦአቸው እርጥብ ነው፣ ተመቸን ይላሉ። እኔ ስቃይ አይቻለሁ፤ ሰዎችም ሲሰቃዩ አይቻለሁ። ሰው የገላ መታጠቢያ ወረፋ ይዞ፣ ሳሙና ይዞ፣ ለስቃዩ እየሳቀ ሲጠብቅ ያየሁት ግን እዚያ ብቻ ነው።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ደረስን። የኖርዌይ ድንበር ጥግ ነው። አንድ ትልቅ ሐይቅ አለ፤ ሐይቁ ዳር የካምፒንጉ ሜዳ፤ ሜዳው ላይ በመኪና የሚጎተቱ የቆርቆሮ ቤቶች ተደርድረዋል። ሁስቫግን ይሏቸዋል። የልጁ አያት በጋውን የሚኖሩት ከእነዚህ በአንዱ ነው። ቤት አላቸው አሉኝ፤ ጥሩ የእንጨት ቤት፣ በባሕሩ ዳር ከተማ። ትተውት ነው እዚህ ቆርቆሮ ውስጥ የተቀመጡት። ዘሩ ሁሉ እንደዚያ ነው ማለት ነው አልኩ።

አያትየው ቀጭን፣ እጃቸው እንደ አካፋ የሰፋ፣ ብዙ የማይናገሩ ሰው ናቸው። ጨበጡኝ። መንገዱ ረጅም እንደነበር ተናገርኩ። እሳቸውም ትንፋሻቸውን በአፋቸው ወደ ውስጥ ሳብ አድርገው «ህእ» አሉ። አዎ ማለታቸው ነው። ደነገጥኩ። ይህማ የእኛ ነው! አገር ቤት ሰው አዎ ሲል ትንፋሹን ወደ ውስጥ የሚስበው፣ ስቶክሆልም ያሉ ፈረንጆች የደነገጥን የሚመስላቸው። ይህችን ደግሞ ከየት ወሰዷት ብዬ ቅር አለኝ።

«የበረዶው ተራራ የታለ?» አልኩ።

ልጁ በሐይቁ ማዶ ግራጫውን ሰማይ በጣቱ አሳየኝ። «ከደመናው ኋላ ነው።»

አየሁ። ደመና ነው። ሁለት ቀን ተነድቶ የተመጣለት ደመና። ደመናስ ኖርስቦሪም አለ፤ በመስኮቴ ነው የማየው፣ ካልሲ ለብሼ።

በሚቀጥለው ቀን ጠዋት ልጄ ከከረጢቱ ምግብ ልትገላግለኝ ብላ ነው መሰለኝ፣ ከሱቅ ሙሉ ዶሮ ገዝታ መጣች። ቅቤና በርበሬ ከቤት ይዤ ነበር። ደስ አለኝ። ዶሮውን ይዤ የዕቃ ማጠቢያው ክፍል ገባሁ፤ ሎሚ ጨመርኩ፣ ጨው ጨመርኩ፣ አጠብኩ፣ ውኃውን ደፋሁ፣ እንደገና አጠብኩ። ውኃው ጥርት እስኪል ድረስ ነው የሚታጠበው፤ ይህን ለማንም አልነግርም፣ ሰው የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። ሰው አልሆነም መሰለኝ የካምፒንጉ ኃላፊ መጥቶ በራፉ ላይ ቆመ። አንገቱ ላይ የቁልፍ ዘለላ አንጠልጥሏል።

«እዚህ ዶሮ አይታጠብም፤» አለ።

«የት ነው የሚታጠበው?»

«የትም አይታጠብም። ዶሮ ማጠብ ጥሩ አይደለም። ጀርሙን ይረጨዋል።»

«ታዲያ ሳታጥቡ ነው የምትበሉት?»

«አዎ።»

«ከነምኑ?»

ቁልፉን አንቃጨለና ማጠቢያውን በሳሙና እንዳጸዳው ነገረኝ። ማጠቢያውንማ አንጽቼ፣ እሱ ራሱ ታጥቦ ከሚያውቀው በላይ አጠብኩት። የእኔ ልጅ በዚህ ሕዝብ መካከል ያልታጠበ ዶሮ እየበላች ልትኖር ነው እያልኩ ተመለስኩ።

ልጁ የመኪናውን ጣሪያና ሁለት እንጨት ተገን አድርጎ ሸራ ወጥሮ ነበር። ሸራው ሥር በሚታጠፍ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፤ ዶሮው በቡጢዋ ምድጃ ላይ እየተንተከተከ ነው። ከሰዓት በኋላ ልጁ አንድ ነገር ጠፋኝ አለና መኪናው ውስጥ ገብቶ በሩን ዘጋ። አልወጣም። መስኮቱ በትንፋሹ ደበዘዘ። ልጄም «ትንሽ ልተኛ» ብላ ድንኳኗ ውስጥ ዳኸችና ዚፑን ሳበችው። ሁለቱም ጥለውኝ ሄዱ፣ ይህም ሚሲግት ነው አልኩ።

ያን ጊዜ በዝናቡ ውስጥ ሦስት ሰዎች ሲመጡ አየሁ።

ከፊት አያትየው ናቸው። የዝናብ ልብሳቸው አንገቱ ላይ ተከፍቶ ክራባት አስረዋል። ከጎናቸው የሚበልጧቸው እህታቸው አሉ፤ በአንድ እጃቸው የተራራ ምርኩዝ ይዘዋል፣ ደረታቸው ላይ የብር ጌጥ ሰክተዋል። ሦስተኛው ያ የዶሮ ጠላቴ ነው። ፀጉሩን በውኃ አስተኝቷል። ቁልፉን አውልቆታል። ሦስቱም የላስቲክ ቦት ጫማ አድርገዋል። ሸራው ጫፍ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ከሸራው የሚወርደው ውኃ ትከሻቸው ላይ ያርፋል።

«ግቡ እንጂ፣ ዝናብ ይመታችኋል፤» አልኩ። «ወንበር አለ፣ ተቀመጡ።»

አያትየው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም፤» አሉ በስዊድንኛ።

ወጡን የማማስልበት ማንኪያ ከእጄ ወደቀ። ይህ ቃል የእኛ ሽማግሌ ቃል ነው። ስንት ቤት ቆሜ ራሴ ብዬዋለሁ። ወደ ድንኳኑ አየሁ። ዚፑ እንደተዘጋ ነው፤ ከውስጥ ግን ምንም የሚተነፍስ ነገር አይሰማም። ያች በስዊድንኛ ብቻ የምትመልስልኝ ልጅ፣ በሰው ሁሉ ሽምግልና ላይ ከወጥ ቤት በር ሥር እየቆመች ሁሉንም ስትለቅም ኖራለች ማለት ነው።

«የመጣነው፤» አሉ አያትየው፣ እንደሚያነቡ ሁሉ ቀስ እያሉ፣ «የልጅ ልጄ የእርስዎን ልጅ ለትዳር ስለፈለጋት፣ እርስዎም እንዲፈቅዱ ለመለመን ነው። እሱ እዚህ የለም።»

መኪናው ሁለት እርምጃ አጠገባችን ነው። ሁላችንም አላየነውም።

እንግዲህ ሦስት አሉ። ቆመዋል። ለምነዋል። እሱ የለም። የዘጋሁት በር በእኔው ቁልፍ ተከፈተ። ነገር ግን የሴት አባት በመጀመሪያው ቀን እሺ አይልም፣ ይህንንም ልማዱ ይፈቅድልኛል። እንመክርበታለን፣ ሌላ ቀን ተመለሱ ይባላል። እኔም ሰማዩን አየሁና በደንብ የተቆለፈ ቀጠሮ ሰጠኋቸው።

«ሰምቻለሁ፤» አልኩ። «ዝናቡ ሲያባራ ተመለሱ።»

አገር ቤት ሽማግሌ ይህን ሲሰማ ባርኔጣውን አንሥቶ ይሄዳል። እነዚህ አልሄዱም። እርስ በርስ ተያዩ።

«ህእ፤» አሉ አያትየው፣ ትንፋሻቸውን ስበው። እዚያው ቆሙ።

ጠበቅኩ። ቆመዋል። ውኃው ከሸራው እየወረደ ክራባቱን አጨማደደው።

«ወደ ቤታችሁ ሂዱና ማለቴ ነው፤» አልኩ።

«ቤታችን ያቻት፤» አሉ አሮጊቷ፣ በምርኩዛቸው የቆርቆሮውን ቤት እያሳዩ። «ብንሄድ ደርቀን ሻይ እንጠጣለን። መልስ ሳይሰጠን አትቀመጡ ተብለናል። ቆመን እንጠብቃለን።»

«ዝናቡ መቼ ነው የሚያባራው?»

«በመስከረም፤» አለ የዶሮው ሰው።

ሳቅ ሊያመልጠኝ ነበር፣ ዋጥኩት። ሽምግልናን በግማሽ የተማረ ሰው እንደዚህ ነው፤ መሄድ የሚባለውን ክፍል ማንም አልነገራቸውም። እኔ ደግሞ እነሱ ቆመው መቀመጥ አልቻልኩም፣ አሮጊቷ ከእኔ በዕድሜ ይበልጣሉ። ተነሣሁ። ወንበሩን አሳለፍኩላቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፣ አንቀመጥም። እንደዚያ አራት ሰው ዝናብ ውስጥ ተገትረን ቀረን። ሜዳው ላይ ያሉት ሌሎቹ ካምፒንገኞች ከየሸራቸው ሥር እያዩን ነው። አንዱ እጁን አወዛወዘልን። ተመችቷቸዋል ብሎ ይሆናል።

ዝም ብሎ ከመቆም ብዬ አያትየውን ጠየቅኋቸው።

«ይህ ልጅ ልጄን ጭቃ ላይ ሊያሳድራት ነው ወይ?»

«ያሳድራታል፤» አሉ። «ሁልጊዜም እንደዚያ ነው። ግትር ነው። ምግብ ያሳርራል።»

ሽማግሌ የላከውን ሰው ያወድሳል። ይህንንም አልነገሯቸውም።

«ሌላስ?»

አያትየው ወደ ሐይቁ ማዶ፣ ወደዚያ ደመና አዩ።

«ሚስቴ ስትታመም መራመድ አቃታት። ተራራውን በየበጋው ታየው ነበር። እሱ በየሳምንቱ ከስቶክሆልም ይመጣ ነበር፣ ይህን ሁሉ መንገድ። አዝሏት ወደዚያ ኮረብታ ይወጣ ነበር፤ ከዚያ በደንብ ይታያል። አዝሎ ስለሚወጣ ነው ዕቃውን የሚያቀለው። ያን ጊዜ ነው ሁሉን ነገር መቆራረጥ የጀመረው። ልማዱ ሆኖ ቀረ።»

«አየችው?»

«አንዳንዴ። ብዙ ጊዜ ከደመናው ኋላ ነበር። አዝሏት ይመለሳል።»

የብሩሹን ነገር አሰብኩ። ከዚያ የእኔን ሚስት አሰብኩ፤ በመጨረሻው ወር እዚያ ኖርስቦሪ ሊፍቱ ተበላሽቶ ከቤት ሳትወጣ የቀረችውን፣ እኔም ተሸክሞ ደረጃውን የሚያወርዳት ሰው ፍለጋ ስልክ ስደውል የዋልኩትን። አሮጊቷ ምርኩዛቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

«ተቀመጡ፤» አልኩ። «ጉዳያችሁ ተሰምቷል።»

ይህን ያለ የሴት አባት ልጁን ሰጥቷል ማለት ነው። እነሱ ይወቁት አይወቁት አላውቅም። ድንኳኑ ውስጥ ያለችው ግን አወቀችው። ዚፑ ተተረተረ፣ ልጄ በአራት እግሯ ወጥታ ጭቃው ላይ እንደተንበረከከች እግሬን ያዘች።

«አባዬ፣» አለች በአማርኛ፣ «ተነሺ አይበሉኝ፣ መጀመሪያ ይመርቁኝ።»

መረቅኳት። በሸራው ሥር፣ በጭቃው ላይ፣ ቦት ጫማ ባደረጉ ሦስት ሽማግሌዎች ፊት። አሜን የምትለው እሷ ብቻ ናት ብዬ ነበር፤ አያትየው ግን በየመሐሉ ትንፋሻቸውን እየሳቡ «ህእ» ይላሉ። ስለዚህ ምርቃቱ በአሜን እጥረት አልተጎዳም።

ልጁ ምንም አላወቀም። መስኮቱ እንደ ወተት ነጥቷል። የዶሮው ሰው ሄዶ አንኳኳለት።

«ና ውጣ፤» አለው፣ «ተቀምጠናል።»

ዶሮውን በላን። የካምፒንጉ ኃላፊ የመጀመሪያውን ቁራጭ ካነሣ በኋላ አየኝ።

«ታጥቧል?»

«በደንብ።»

ትንሽ አሰበ፣ በላው። ልጨምርልህ ስለው እሺ አለ። ከሁሉም እሱ ይሻላል አልኩ።

በማግሥቱ ጠዋት ዕቃ ስንጭን ልጁ ትከሻዬን ነካ አደረገኝ። ደመናው ከሐይቁ ማዶ ለጥቂት ጊዜ ተገልጦ ነበር። የመጣንለት የበረዶ ተራራ ይኸው ታየኝ። ግራጫ ነው። ጥቁር ጥቁር መሥመር አለበት። ኖርስቦሪ የመኪና ማቆሚያው ጥግ፣ የክረምቱን በረዶ ጠርገው የሚከምሩት፣ በሚያዝያ ከነጠጠሩና ከነውሻ ኩሱ የሚቀረው ክምር አለ። እሱ ነው። ከፍ ብሎ ነው ብቻ። ልጄም፣ አያትየውም፣ እህትየውም ቆመው ያዩታል። ልጁ እኔን ነው የሚያየኝ።

«አየሁት፤» አልኩት። ሌላ ነገር አልጨመርኩም፣ እሱም አልጠየቀኝም።

መኪናው ውስጥ ልገባ ስል ነው አያትየው ሠርጉን እዚሁ ሐይቁ ዳር ብናደርገው የሚል ሐሳብ ያመጡት።

«በፍጹም፤» አልኩ። «ሠርግ ጣሪያ ሥር ነው።»

«አባዬ፣» አለች ልጄ፣ «አንቱና እማዬ የት ነበር የተጋባችሁት?»

ይህችን ልጅ ማን ነው እንዲህ እንድታስታውስ ያደረጋት? እናትዋ የሠርጋችንን ፎቶ ከአልጋዋ ራስጌ አስቀምጣው ነበር። ነጭ ድንኳን፣ በግቢው ሙሉ የተወጠረ፣ በውስጡ ሕዝብ።

«እሺ፤» አልኩ። «ድንኳን ይሁን። ኖርስቦሪ ነው ግን። እናም ቆሜ የምገባበት ድንኳን።»

ልጁ ወደ አያቱ አየ። ከዚያ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጎ «ህእ» አለኝ። ደመናው ተመለሰ፣ ዝናቡም እንደገና ጀመረ፣ እኛም ወደ ጥዱ ነዳን።